«ፒኗን መግፋት ብቻ ነው»፦ የሰዓት ማሰሪያ በራስ ስለመቀየር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን ይዞ ቤት መጣ። ያረጀውን የቆዳ ማሰሪያ ራሴ እቀይራለሁ ብሎ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ሲታገል የሰዓቱን ጆሮ (ማሰሪያው የሚገባበትን ቀንድ መሰል ነገር ጆሮ እያልኩ ልቀጥል) ጭረት በጭረት አድርጎታል፣ ፒኗ ደግሞ ተፈናጥራ የት እንደገባች አይታወቅም። «በቃ ይሄ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው፣ የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» አለኝ። እጁ ምንም አላጠፋም እኮ። ያጠፋው ሐሳቡ ነው፣ ፒኗን እንደ ሚስማር ነው ያሰባት፣ እሷ ግን ሞላ ናት። እኔም ስጀምር ሁለት ሦስት ፒን አጥፍቻለሁ፣ ስለዚህ ከሰው የምሰማቸውንና እኔም ያመንኩባቸው የነበሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ላውራችሁ።

«ፒኗን ከጎን ገፍቶ ማውጣት ነው»

አይደለም። ማሰሪያውን የምትይዘው ፒን ውስጧ ባዶ የሆነች ቀጭን ቱቦ ናት፣ ውስጧ ሞላ አለ፣ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ውጭ ተገፍተው ጆሮዎቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሥራው መግፋት ሳይሆን አንዱን ጫፍ ወደ መሀል መጭመቅ ነው። ሰዓቱን ፊቱን ወደታች አድርጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኙት፣ ከጀርባ በኩል በማሰሪያውና በጆሮው መሀል ስታዩ ፒኗ ጫፍ አካባቢ ትንሽ ከፍ ያለች ቀለበት መሳይ ነገር ታገኛላችሁ፣ እሷን ይዛችሁ ወደ መሀል ሳብ፣ ከዚያ ቀና ማድረግ ነው። አንዱ ጫፍ ከወጣ ሌላው በራሱ ይመጣል፣ ሁለቱንም መታገል አያስፈልግም።

መሣሪያዋ ጫፏ እንደ ትንሽ ሹካ ሁለት ጥርስ ያላት ናት። ታዋቂዋ የስዊዘርላንዱ በርጌዮን 6767 የምትባለዋ ናት፣ ግን ርካሿም ትሠራለች፣ ዋናው ጫፏ ቀጭን መሆኑ ነው። እሷም ከሌለች የመነጽር ትንሿ ካቻቢቴ በትዕግሥት ትሠራለች። ቢላ ግን በፍጹም፣ ያዳልጣል፣ ሲያዳልጥ ወይ ጆሮውን ወይ ጣታችሁን ነው የሚያገኘው።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ እነዚህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ሰዓት ወለል ላይ ከመንፏቀቅ እድን ነበር። አንደኛ ጆሮው ላይ ስኮች ወይም የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ለጥፉበት፣ መሣሪያው ቢያዳልጥ እንኳ የሚጫረው ፕላስተሩ ነው። ሁለተኛ ሥራውን ግልጽ ፌስታል ውስጥ እጃችሁን አስገብታችሁ ሥሩት፣ ያስቃል አውቃለሁ፣ ግን ፒኗ ስትፈናጠር ፌስታሉ ውስጥ ትቀራለች።

አንዳንድ ሰዓት ደግሞ ጆሮው ከውጭ በኩል የተበሳ ነው፣ ቀዳዳው ከጎን ይታያል። እሱ እድለኛ ሰዓት ነው፣ በቀጭን መርፌ ወይም በመሣሪያው ሹል ጫፍ ከውጭ ጫን ስትሉት ሞላው ይሰበሰባል፣ አለቀ። «መግፋት ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«ከገባ ገባ ነው»

በኔ እይታ ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው፣ ሰዓት መንገድ ላይ የሚወድቀው ባብዛኛው ሲያወጡ በሠሩት ስህተት ሳይሆን ሲያስገቡ በተዉት ነገር ነው። አንዱን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፣ ሌላውን ጨምቃችሁ በጆሮው የውስጥ ግድግዳ ላይ እያንሸራተታችሁ ስትሄዱ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቀጭ ይላል። ቀጭ ካላለ ጫፏ ቀዳዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ነው ያለችው፣ ሲያዩት የገባች ትመስላለች፣ አውቶብስ ላይ እጃችሁን ከፍ ስታደርጉ ግን ሰዓቱ ቻው ይላል። ስለዚህ ከገባ በኋላ ማሰሪያውን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፣ ግራ ቀኝም ወዝውዙት፣ ይሄን ደግሞ ሰዓቱ አልጋ ላይ ሆኖ አድርጉት።

«ሰዓቴ 42 ስለሆነ የ42 ማሰሪያ ስጠኝ»

42 ሚሊሜትር የሰዓቱ አካል ስፋት ነው፣ ከማሰሪያው ጋ ቀጥታ ግንኙነት የለውም። የሚለካው በሁለቱ ጆሮዎች መሀል ያለው ክፍተት ነው፣ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ። የወንድ ሰዓት ላይ ባብዛኛው 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ፣ 19ና 21ም አለ፣ እሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው ምክንያቱም በማስመሪያ ስትለኩት 20 ይመስላል። ካሊፐር (ስፋትን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጎረቤት ካላችሁ ውሰዱና ለኩ። የድሮውን ማሰሪያ ገልብጣችሁም እዩ፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል።

«በአንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢበልጥ ምን ችግር አለው» ለሚል፣ ለስላሳ ቆዳ ወይም ጎማ ከሆነ አንድ ሚሊሜትር ተጨምቆ ይገባል፣ ትንሽ ይጨማደዳል እንጂ ያገለግላል። ሁለት ሚሊሜትር ግን ማሰሪያውን ማበላሸት ነው። ያነሰ ከሆነ ደግሞ ፒኗ ጎንና ጎኗ ይታያል፣ ማሰሪያውም ወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል፣ የሰው ልብስ የለበሰ ልጅ ነው የሚመስለው።

«ፒን ፒን ነው»

ርዝመቱ ከክፍተቱ ጋ መግጠም እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፣ ውፍረቱን ግን የሚያስብ የለም። ተራው 1.5 ወይም 1.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የሴኮ የጠላቂ ሰዓቶች ላይ ግን 2.5 ሚሊሜትር የሚወፍር ፒን ታገኛላችሁ። እዛ ላይ ቀጭኗን ብታስገቡ ትገባለች፣ ግን ጫፏ ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ ስትንገላወድ ትውላለች። ፒን ደግሞ ርካሽ ነገር ነው፣ ላብ የበላት፣ የዛገች ወይም የጎበጠች ካየሁ እኔ አልመልሳትም፣ ውዱን ሰዓት በሳንቲም ነገር ላይ ማንጠልጠል ምን ይሉታል።

«የብረት ሰንሰለት ለማሳጠር መዶሻና ሚስማር ይበቃል»

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ፈተና ያለው እዚህ ነው፣ የቆዳው ማሰሪያ ከዚህ ጋ ሲወዳደር ጨዋታ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ከማሳጠራችሁ በፊት መቆለፊያው ጎን ላይ በተርታ ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ እዩ። እዛ ውስጥም ባለ ሞላ ፒን አለች፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደሚቀጥለው ስታዛውሯት ሰንሰለቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይጠባል ወይም ይሰፋል፣ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ሊገላገል ሲችል ዘሎ ሰንሰለት መፍታት ይጀምራል። ካልበቃ ነው ወደ መፍታቱ መሄድ፣ ያኔም ፒኗን መሀለኛው ቀዳዳ ላይ አድርጉና ነው የምትለኩት፣ ሙቀት ሲሆን እጅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል፣ በኋላ ለማስፋትም ለማጥበብም ቦታ ይኖራችኋል።

ከዚያ የሰንሰለቱን ውስጠኛ ጎን ስታዩ ትንንሽ ቀስቶች አሉ። ሰው ጌጥ ይመስለዋል፣ ወይም ጭራሽ አያየውም። ቀስቱ ፒኗ የምትወጣበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው፣ ስትመለስ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምትገባው። ፒኗን ስታዩዋት ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፏ የተሰነጠቀ ነው፣ በዛ መከፈቷ ነው ተወጥራ የምትይዘው፣ ስለዚህ ስትመልሷት ያልተሰነጠቀው ጫፍ ይቅደም፣ የተሰነጠቀው መጨረሻ ይግባ። በግልባጩ የሚመታ ሰው «ፒኑ አልገባ አለኝ» እያለ መዶሻ ሲጨምርበት አይቻለሁ፣ ፒኗ ስትጎብጥ ነው የቆመው።

አንዳንድ ሰዓቶች ላይ፣ ሴኮ ላይም ታገኙታላችሁ፣ ፒኗ ለብቻዋ አይደለችም፣ ከሰሊጥ ብዙም የማትበልጥ ቱቦ አብራት አለች። ፒኗን አጥብቃ የምትይዘው እሷ ናት። ፒኗን ስታወጡ እሷ ሳታዩዋት ጠረጴዛ ላይ ጠብ ትላለች፣ እናንተም ቆሻሻ መስሏችሁ እፍ ትሏታላችሁ፣ ከዚያ ፒኗ በጣም በቀላሉ ትመለሳለች፣ «ጎበዝ ነኝ» ትላላችሁ፣ ከሳምንት በኋላ ሰንሰለቱ ታክሲ ውስጥ ይበተናል። ፒን በጣም በቀላሉ ከገባ ደስ አይበላችሁ፣ ተጠራጠሩ። ነጭ ጨርቅ አንጥፉና ሥሩ።

ባለ ብሎን ሰንሰለት ደግሞ አለ፣ ጎኑ ላይ የካቻቢቴ መስመር ካያችሁ እሱ ነው፣ በፍጹም አይመታም። አንዳንዱ በአንድ በኩል ብቻ ነው ብሎኑ፣ አንዳንዱ ግን በሁለቱም በኩል ስለሆነ አንዱን ስታዞሩ ሌላውም አብሮ ይዞራል፣ ሁለት ካቻቢቴ በአንዴ ይፈልጋል።

ከየት በኩል ልቀንስ ለሚል፣ ከሁለቱም ጎን ነው። ከአንድ ጎን ብቻ ከቀነሳችሁ መቆለፊያው ከእጃችሁ ሥር መሀል ላይ መቀመጡ ይቀርና ወደ ጎን ያዘነብላል። የምትቀንሱት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ አድርጋችሁት እዩና መቆለፊያው መሀል የሚቆምበትን ምረጡ። የወጡትን ቁርጥራጮች ደግሞ አትጣሉ! ነገ እናንተ ትወፍራላችሁ፣ ወይ ሰዓቱን ወንድማችሁ ይወስደዋል።

«ብሎኑ እንዳይፈታ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት»

አታድርጉ። ሲደርቅ ጭሱ ብረቱ ላይ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ሰንሰለቱ መታጠፊያ ውስጥ ከገባ ደግሞ መገጣጠሚያው ድርቅ ይላል። ለዚህ የተሠራ የብሎን ማጣበቂያ አለ፣ ለትንንሽ ብሎን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሎክታይት 222 ነው የሚመከረው ምክንያቱም በኋላ በተራ ካቻቢቴ ይፈታል። ቀዩን የገዛችሁ እንደሆነ ለመፍታት ሙቀት ይፈልጋል፣ የእጅ ሰዓት ላይ ሙቀት ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ ብቻ፣ በቃ።

«ማሰሪያ ከተቀየረ ውሃ ያስገባል»

አያስገባም። ውሃ የሚከለክለው ከኋላ ክዳኑ ሥር ያለችው ጎሚኒና ሌሎቹ ማሸጊያዎች ናቸው፣ ማሰሪያ ስትቀይሩ ክዳኑ አይነካም። ባትሪ ለመቀየር ሲከፈት ነው መጠንቀቅ። በተረፈ ዋና የሚችል ሰዓት ላይ ቆዳ ማሰሪያ አድርጋችሁ ብትዋኙ ሰዓቱ ምንም አይሆንም፣ ቆዳው ግን ይደርቃል፣ ይሸታል።

«ሰንሰለቱ ተለጠጠ»

ብረት እጅ ላይ ተቀምጦ አይለጠጥም። ላብና አቧራ ተቀላቅለው መገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆኑና ፒኑንና ቀዳዳውን ይበሉታል፣ ክፍተቱ ሲደማመር የረዘመ ይመስላል። በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አልፎ አልፎ ማጠብ ነው፣ ሰዓቱ ውሃ የማይችል ከሆነ ሰንሰለቱን ለይታችሁ።

«ናቶ ማሰሪያ የናቶ ጦር ማሰሪያ ነው»

ያ ባለ አንድ ወጥ የናይሎን ማሰሪያ መነሻው የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር በ1973 (በፈረንጅ) ያወጣው መስፈርት ነው፣ ወታደሮቹም የሚጠይቁበት ቅጽ ጂ1098 ስለነበር ባጭሩ ጂ10 ይሉታል፣ ናቶ የሚለው ከዕቃ መለያ ቁጥሩ የተለጠፈበት ስም ነው። ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው፣ በሁለቱም ፒኖች ሥር ስለሚያልፍ አንዷ ብትወጣ ሰዓቱ በሌላዋ ይንጠለጠላል። ስማርት ሰዓት ላይ ግን አላደርገውም፣ ከጀርባ ሲያልፍ የልብ ምት የሚለካውን ሴንሰር ይሸፍነዋል።

ስማርት ሰዓት ካነሳን፣ «የራሱን ካልገዛህ አይገጥምም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋች 4፣ 5 እና 6 ተራ የ20 ሚሊሜትር ማሰሪያ ይቀበላሉ። አፕል ግን የራሱ ተንሸራታች ነገር አለው፣ ከጀርባ ቁልፏን ተጭኖ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። የካሲዮ ጂ ሾክ ሰዓቶች ላይም ብዙዎቹ የየራሳቸው ቅርጽ ያለው ማሰሪያ ነው ያላቸው፣ ሞዴሉን ሳታዩ አትግዙ።

«ዘለበቱ በየትኛውም በኩል ይሁን»

ሰዓቱ አይሰበርም፣ ግን ልማዱ ዘለበት ያለው አጭሩ በ12 ቁጥር በኩል፣ ረጅሙ በ6 በኩል ነው። 12 ቁጥር ስል ፊቱ ላይ የተጻፈውን ነው፣ በኛ ሰዓት የምትቆጥሩ እንዳትገለብጡት።

የአክስቴ ልጅ ሰዓት ላይ አንደኛዋ ፒን ዝጋ ጆሮው ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በስቴኪኒ ጠብ አድርገን አሳደርናት፣ ጠዋት ሞከርን፣ እምቢ አለች። እዛ ላይ እጄን አነሳሁ፣ የተጣበቀች ፒን መሀሏ ተቆርጣ ነው የምትወጣው፣ ያ በእውነት የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ወሰደለት፣ ሰዓት ሠሪውም ዓይኑ እያየ ቆርጦ አወጣለት፣ አዲሱን ማሰሪያ ግን እቤት ራሱ ነው ያስገባው፣ ፌስታል ውስጥ።