«ሥውር ቤተ ክርስቲያን» ምንድን ነው?

በሆላንዷ አምስተርዳም ስለሚገኘው፣ ቀድሞ ሥውር ቤተ ክርስቲያን ስለነበረው «ኦንስ ሊቬ ሄር ኦፕ ሶልደር» («ጌታችን በጣሪያ ሥር») ቤተ መዘክር በተጻፈ ቁጥር፣ ካቶሊኮች ከጣሪያ ሥር ተደብቀው ማንም ሳያውቅባቸው ያስቀድሱ ነበር የሚለው አባባል አይቀርም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ቦታውን ከሮም ካታኮምቦች ጋር አመሳስሎ፣ ምእመናኑ ቢያዙ ሞት ይጠብቃቸው እንደነበር በእርግጠኝነት ጻፈ። ካታኮምቦቹም ቢሆኑ የመቃብር ሥፍራዎች እንጂ የመደበቂያ ዋሻዎች አልነበሩም፤ የእነሱ ጉዳይ ግን ለብቻው የሚታይ ነው።

ሥውር ቤተ ክርስቲያን ማለት በውጭ ገጽታው መኖሪያ ቤት ወይም መጋዘን የሚመስል፣ በውስጡ ግን መሠዊያ፣ ኦርጋንና መቀመጫ የተሟላለት የአምልኮ ቦታ ነው። የተሰወረው መልኩ ነው እንጂ መኖሩ አይደለም። ጎረቤት ያውቀዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያውቀዋል፣ የሕግ አስከባሪው ሹምም ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እንዳላየ የሚያልፍበትን ክፍያ የሚቀበለው እሱ ነበርና።

ይህ ሁኔታ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1578 የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች (ካልቪናውያን) የአምስተርዳምን አስተዳደር ሲረከቡ ነው። ካቶሊክ ሹማምንት በጀልባ ተጭነው ከከተማዋ ተባረሩ፤ በ1306 በቅዱስ ኒቆላዎስ ስም የተቀደሰው አውደ ኬርክ፣ የአምስተርዳም አንጋፋ የቁምስና (የአጥቢያ) ቤተ ክርስቲያን፣ የፕሮቴስታንቶች ሆነ። በዓመቱ በሰሜን ኔዘርላንድ ግዛቶች መካከል የተፈረመው የኡትሬክት ስምምነት ግን በ13ኛ አንቀጹ ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይመረመርና እንዳይሳደድ ደነገገ። ከሁለቱ የወጣው ውጤት፣ ካቶሊክ ሆኖ ማመን የተፈቀደ፣ ካቶሊክ ሆኖ በአደባባይ ማምለክ ግን የተከለከለ መሆኑ ነው። ያለ ደወል፣ ያለ ጉልላትና ያለ ዋና በር የሚሠሩ አብያተ ክርስቲያናት የተስፋፉት በእነዚህ በሁለቱ መካከል በቀረው ቦታ ላይ ነው።

ባለሥልጣናቱ ያውቁ ነበር ለሚለው ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ በ1691 የአምስተርዳም ከተማ ከፍራንቸስካዊው ካህን ከኤጊዲዩስ ዴ ግላቤ ጋር ያደረገችው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ካህኑ የእሱ አዲስ ሥውር ቤተ ክርስቲያን በዮደንብሬስትራት ጎዳና በኩል ሳይሆን በቦዩ በኩል መግቢያ እንዲኖረው፣ በዘመኑ ሰው የሚጫንባቸው ተንሸራታች ጋሪዎች በር ላይ ቆመው እንዳይጠብቁ፣ ምእመናንም መቁጠሪያና የጸሎት መጽሐፍ በግልጽ ይዘው በጎዳና እንዳይታዩ ተስማማ። ማንም በማያውቀው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሪ እንዳይቆም ውል የሚዋዋል የከተማ አስተዳደር የለም።

ነገሩን ለመረዳት ታፔላ የሌለውን የግቢ ምግብ ቤት ማሰብ ይበቃል። የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን የሚበላው እዚያ ነው፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ የወረዳው ደንብ አስከባሪም አንዳንዴ ከተመጋቢዎቹ አንዱ ነው። እሱ የሚለው «ዝጉ» ሳይሆን «መኪና መንገድ ላይ አታስቁሙ፣ ጭሱ ወደ ጎረቤት አይሂድ፣ ታፔላ አትስቀሉ» ነው። ሹሙ ሲቀየር ሒሳቡም ይቀየራል፤ ባለቤቷ ያለ ሥጋት የምታድርበት ቀን የለም፤ ቢሆንም በማግሥቱ ወጡ ይሠራል። ፈቃድ በተሰጠ ጊዜም ደንበኛው በሩን ስለሚያውቀው ታፔላው ሳይሰቀል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ። ንጽጽሩ የሚሰበረው ግን ተመጋቢው ላይ ነው፤ እዚያ ምሳ የሚበላ ሰው በመብላቱ ብቻ ሥልጣን አይከለከልም፣ ካቶሊኩ አምስተርዳማዊ ግን ከመንግሥት ሹመት የተገለለ ነበር። ስለዚህ ሆላንድ ያኔውኑ የሃይማኖት ነፃነት ሰፍኖባት ነበር የሚለው ተቃራኒ ወገንም ከካታኮምቡ ተከራካሪ ያልተናነሰ ይሳሳታል። በገንዘብ የተገዛ ዝምታ መብት አይሆንም።

ሕጉ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ሉተራውያን በ1633፣ ፖርቱጋላውያን አይሁድ በ1675 ለማንም የሚታዩ ትልልቅ የአምልኮ ቤቶችን ሠርተዋል፤ በአንጻሩ ፕሮቴስታንት የሆኑት ሜኖናውያንና ሬሞንስትራንቶች ከቤቶች ኋላ ተሸሽገው ነበር። ሥውር ቤተ ክርስቲያንን የካቶሊኮች ብቻ አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ዛሬ ቤተ መዘክር ወደሆነው ቤት ስንመለስ፣ ካቶሊኩ ነጋዴ ያን ሃርትማን በ1661 በአውደዛይትስ ፎርቡርኽቫል ቦይ ዳር ያለውን ቤትና ከኋላው ያሉትን ሁለት ቤቶች ገዝቶ፣ የላይኛዎቹን ፎቆች በማገናኘት በ1663 ቤተ ክርስቲያኑን ጨረሰ። የሁለቱ የላይ ፎቆች ወለል መሐሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በዙሪያው የቀሩት ሰገነቶች በብረት ዘንጎች ተንጠልጥለዋል። ቦታው ከመጥበቡ የተነሣ የመስበኪያው ሰገነት በመሠዊያው ግራ ዓምድ መቀመጫ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፤ ለስብከት ጊዜ ብቻ ይዘረጋል። እብነ በረድ የሚመስሉት ዓምዶችም ቀለም የተቀባ እንጨት ናቸው። ምእመናን የሚገቡት በጎን ካለው ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ ቤቱ በኋላ በፕሮቴስታንት ባለቤት እጅ ሲገባ እንኳ ቅዳሴው አልተቋረጠም።

የአምልኮ እኩልነት በ1796 ታወጀ፤ ቅዳሴው ከጣሪያው ሥር የወረደው ግን በ1887፣ አርክቴክት ብላይስ የነደፈው ትልቁ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ነው። ታፔላው ሳይሰቀል የቆየው ይህን ያህል ነው፤ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው በአዋጅ ሳይሆን በገንዘብ ነበርና። በዚያን ጊዜ «አምስተልክሪንግ» የተሰኘ የካቶሊኮች ማኅበር ቤቱን ከመፍረስ አድኖ በ1888 ቤተ መዘክር አደረገው። አሁንም አልፎ አልፎ ቅዳሴ ይቀደስበታል።

ከቤተ ክርስቲያን ሕግ አንጻር ቦታውን ከ1853 በፊት «ቁምስና» ማለት እንደማይገባም ልጨምር። እስከዚያ ድረስ ሀገሪቱ መደበኛ ሀገረ ስብከት የሌላት የተልእኮ ምድር ስለነበረች፣ የነበሩት የሐዋርያዊ አገልግሎት ጣቢያዎች ናቸው። ቤተ መዘክሩም ዛሬ የሚያሳየው፣ በቅርቡ በተደረገው እድሳት የተመለሰውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገጽታ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር «የ1663 ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ሰገነቶቹ አቀማመጥ ልክ ነው፤ ስለ ወይን ጠጅ መሳዩ የግድግዳ ቀለም ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይስታል።