«ዕጢው ጠፋ» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ኬሞው ጉበቷ ላይ ያለውን አጥፍቶታል፤ ታዲያ ሆዷን መክፈት ምን ይባላል?» ብለው ሲሟገቱ አነበብኩ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ጣጣው «ጠፋ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ከትልቁ አንጀት ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት) ሲከስም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ «አይታይም» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢው ግን «የለም» ብሎ ያነበዋል።

ሰርዶ ያረመ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ላዩ ደርቆ ማሳው ባዶ ሲመስል ሥሩ አፈር ውስጥ ተጋድሞ ዝናብ ይጠብቃል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት ከኬሞ በኋላ ከሲቲ ስካን የተሰወሩ 66 ዕጢዎችን ተከታትሎ ነበር። በ55ቱ ቦታ ወይ ካንሰሩ እዚያው ተገኘ፣ ወይ ተመልሶ በቀለ። ስለዚህ እኛ ቀዶ ሐኪሞች የምንቆርጠው በተቻለ መጠን ከኬሞ በፊት በነበረው ምስል እየተመራን ነው። ቢላው የታወቀውን ሥር ይነቅላል፤ ኬሞው ደግሞ ዓይን ያላየውን ብናኝ ዘር ያሳድዳል። አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

«እንግዲያው እስኪጠፋ ድረስ ኬሞው ይቀጥል» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ይብስብኛል፤ የአረም መድኃኒት ሲበዛ አፈሩንም ይጎዳልና። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን የኬሞ መድኃኒት ብዙ ዙር የወሰደ ጉበት ሆድ ሲከፈት ሰማያዊ መትቶት ይታያል፣ ሲቆረጥም አብዝቶ ይደማል። ሌላው የኬሞ መድኃኒት፣ ኢሪኖቴካን፣ ደግሞ ስብ ያስይዘዋል፤ ስብ የያዘ ጉበት ላይ ትንሽ ዕጢ በሲቲ ስካን ማየት ከባድ ስለሆነ፣ «ጠፋ» የተባለው አንዳንዴ የተደበቀ ነው። ለጤነኛ ጉበት ከቀዶ ሕክምና በኋላ 20 በመቶው ቢተርፍ ይበቃዋል። ኬሞ ለጎዳው ግን ቢያንስ 30 በመቶ እንፈልጋለን። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፦ ጉበት ተቆርጦ መልሶ ያድጋል፣ ማሳ አያድግም።)

ይህን ሁሉ ያልኩት ከአንጀት ስለመጣው ነው፤ ከቆሽት የተሰራጨው ሌላ ታሪክ አለው። ከኬሞ ጋር የሚሰጠውን ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት የወሰደ ሰውም ቁስሉ እንዳይቸገር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስድስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ኤምአርአይም ካላሳየ፣ ሆድ ተከፍቶ ጉበቱ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድም ካላገኘው፣ አንዳንዱን ሳንቆርጥ የምንከታተልበት ጊዜ አለ።

እኔን የሚያናድደኝ ታማሚዋ ኬሞውን ጨርሳ ስትመጣ ነው። መጀመሪያ ብትመጣ ኖሮ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ላለች ትንሽ ዕጢ አጠገቧ የብረት ምልክት ይቀመጥላት ነበር። ሰርዶው ሳይደርቅ ካስማ መትከል ማለት ነው።