«የኒኮቲን ተቀባይ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ ነው። ሚኒባሷ የሐረጎን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። ከፊቴ አንድ ሰው ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ አጠገቡ ላለው ያስተምራል። «አንጎላችን ውስጥ እኮ የኒኮቲን ተቀባይ አለ። ባያስፈልገን ኖሮ ፈጣሪ ለምን አስቀመጠው?» ያኛው «እውነትህን ነው» አለ።

ፋርማኮሎጂ፣ መድኃኒት በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠናውን ትምህርት፣ አስተምራለሁ። ይህችን ነገር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። እዚያው ዝም አልኩ፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያናድደኝ ጀመር።

ኒኮቲን ትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ኬሚካል ነው፤ ተቀባይ ደግሞ ነርቭ ላይ ተቀምጦ የኬሚካል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ተቀባዩ ግን የኒኮቲን አይደለም። የአሴቲልኮሊን ነው፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት የሚያደርስበት ኬሚካል። ነገሩን ያበላሸው ስሙ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል በ1914 እ.ኤ.አ. የአሴቲልኮሊንን ሥራ ሲመረምር ሁለት መልክ አገኘበት። አንዱ የኒኮቲንን ሥራ ይመስላል፣ ሌላው የሙስካሪንን። ተቀባዮቹም በዚያው ተጠሩ። ሙስካሪን ደግሞ ከመርዛማ እንጉዳይ የሚገኝ ነገር ነው። «የሙስካሪን ተቀባይ» በአንጎላችንም በልባችንም አለ። በሰውዬው ሒሳብ ታዲያ መርዛማ እንጉዳይ እንድንበላም ተፈጥረናል ማለት ነው?

ተቀባዩን እንደ ግቢ በር ቁጠሩት። አሴቲልኮሊን «ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ» ሊል የሚመጣ የጎረቤት ልጅ ነው። ያንኳኳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፣ ነርቩ ይነቃል። ልጁ አይቆይም፤ እናቱ ወዲያው ትጠራዋለች። እናትየዋ አሴቲልኮሊንን የሚሰብረው ኢንዛይም ናት፤ ሥራዋን የምትጨርሰው ሰከንድ ሳይሞላ፣ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። (እውነተኛው ኢንዛይም ልጁን ለሁለት ይቆርጠዋል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይከፋል፣ እለፉት።)

ኒኮቲን በአንኳኳኩ ልጁን የሚመስል እንግዳ ነው። ጭሱ ከተሳበ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል። በሩ ይከፈትለታል። የሚጠራው እናት ግን የለውም፣ ያ ኢንዛይም አይነካውም። ስለዚህ በር ላይ ይገተራል። በሩም ይደነዝዛል። እንግዳው እያንኳኳም በሩ ይዘጋል፣ ይባስ ብሎ ልጁ ራሱ ሲመጣም አይከፈትለትም። «ኒኮቲን ያነቃል» የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚያወሩት። መጀመሪያ ይከፍታል፣ ቀጥሎ ያደነዝዛል። ቤቱስ ምን ያደርጋል? ተጨማሪ በር ያወጣል። በቋሚ አጫሽ አንጎል ውስጥ እነዚህ ተቀባዮች በቁጥር ይጨምራሉ።

ዶፓሚን የሚባለው ሌላው የአንጎል ኬሚካል እዚህ ላይ ይመጣል። ከእነዚህ በሮች አንዳንዶቹ ያሉት ዶፓሚን በሚለቁ ነርቮች ላይ ነው። ኒኮቲን ያስለቅቃቸዋል እንጂ ራሱ ዶፓሚን አይደለም። ዶፓሚንም እዚያ ቦታ «የደስታ ሆርሞን» አይደለም፤ ሆርሞንም አይደለም። «ይህን ነገር ድገመው» የሚል ምልክት ብትሉት ይቀርባል።

የደሙ ኒኮቲን በ2 ሰዓት ጊዜ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚሰብረው ጉበት ስለሆነ እንደ ሰዉ ጉበት ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ሌሊቱን እንግዳው ይሄዳል። የደነዘዙት በሮች ይነቃሉ፣ ያውም በዝተው። ጠዋት ሁሉም የሚያንኳኳ ይጠብቃል። ከአቦል በፊት የምትለኮሰዋ ሲጋራ ከቀኑ ሁሉ የምትጥመው ለዚህ ነው። «ጭንቀቴን ታበርድልኛለች» የምትባለውም አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ያመጣችውን ጭንቀት ነው የምታበርደው። ላቆመ ሰው የበዙት በሮች በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከብዱት ግን ገና ስላልቀነሱ ነው።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ሱረት የሚስቡ አባቶች «የእኔ ሲጋራ አይደለም» ይላሉ። ኒኮቲኑ ያው ነው፣ አንጎል የሚደርስበት ፍጥነት ነው የሚለየው። «ኒኮቲን የሳንባ ካንሰር ያመጣል» የምትሉ ተማሪዎቼም ተረጋጉ። ካንሰሩን የሚያመጡት በዋናነት ጭሱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። ኒኮቲን ሰውየውን ወደ ጭሱ መላልሶ የሚወስደው ነው።

ፒያሳ ስንወርድ ሰውዬው ሲጋራውን ከጆሮው ላይ አወረደና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ክብሪት ይዘዋል?»