«ደኑ ጥቅጥቅ ካለ መሬቱ ለም ነው» ለምትሉኝ

ስለ ዕፅዋት አስተምራለሁ። የካሜሩኑን ኮሩፕ ብሔራዊ ፓርክ ባነሳሁ ቁጥር የሚሰነዘረው ነገር ያው ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«አንበሳ አለ?» የለም። አንበሳ የሣር ሜዳና የቁጥቋጦ እንስሳ ነው።

«ጎሪላስ?» እሱም የለም። ቺምፓንዚ አለ፤ ድሪል የሚባል ፊተ ጥቁር ትልቅ ዝንጀሮም አለ።

«የደን ዝሆን የትልቁ ዝሆን ድንክ ነው።» አይደለም፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለብቻው መዝኖ፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መድቦታል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «ይህን ሁሉ ዛፍ ያበቀለ አፈር ምን ያህል ለም ቢሆን ነው!» ከተማረ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጄ ፎቶውን አይቶ «ይህን መንጥረው በቆሎ ቢዘሩበት አገር ይቀልባል» አለኝ።

አይቀልብም! የደቡብ ኮሩፕ አፈር አሸዋማና አሲዳማ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም በጣም ያንሰዋል። በዓመት ከ5000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ የአዲስ አበባን አራት እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ አሸዋውን አጥቦ ሲያልፍ ምን ያስቀራል? ሀብቱ ያለው ዛፎቹ ውስጥ ነው። ቅጠል ይረግፋል፤ በሙቀቱና በእርጥበቱ ቶሎ ይበሰብሳል። ከሥሮቹ ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩ ፈንገሶች ደግሞ ዝናብ ሳይቀድማቸው ንጥረ ነገሩን ለቅመው ለዛፉ ይመልሳሉ። እንደ እቁብ ነው፤ ገንዘቡ ይዞራል እንጂ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ የለም።

ደኑን መንጥረው ቢያቃጥሉት አመዱ ለአንድ ለሁለት ዓመት ያግዛል። ከዚያ ምርቱ ይወድቃል። የቆላ ደን ገበሬዎች ይህን ከማናችንም በፊት ያውቁታል፤ ማሳቸውን ለዓመታት የሚያሳርፉት ለዚህ ነው።

ወዳጄን ግን ብዙም አልፈርድበትም። ዓይኑ የለመደው ከፋንና ሸካን ነው። እዚያ ደኑ በአብዛኛው የቆመው ከእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ጥልቅ ቀይ አፈር ላይ ነው። ኮሩፕ ቆላ ነው፤ ደቡባዊ ጫፉ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም። በዚያ ደሃ አፈር ላይ፣ ለጥናት በተከለለ 50 ሄክታር ብቻ፣ ወደ 500 የሚጠጉ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች ተቆጥረዋል። ብዝኃነትና ለምነት ለየቅል ናቸው፤ እባካችሁ አታምታቱ።

«ያለ ገጀራ አይገባም።» ያደገ ደን ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ከሥር ብዙ አይበቅልም። የሚጠላለፈው ወንዝ ዳርና ዛፍ የወደቀበት ቦታ ነው። ከገጀራ ይልቅ ጥሩ የጎማ ቦቲ ያዙ።

«የኤድስ መድኃኒት እዚያ ተገኝቷል።» ከኮሩፕ ሐረግ የወጣ ሚሼላሚን ቢ የተባለ ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ኤችአይቪን ገትቶ ነበር። መርዛማነቱ ስለከበደ ግን መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ «ከአፍሪካ ጫካ የመጣ» ብሎ ዱቄት የሚሸጥ ቢመጣ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩ። ሐኪም ያዘዘለትን የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰውም እንዳያቋርጥ።