ፈረስ መጋለብና ማሰልጠን፦ ችሎታው ምኑ ላይ ነው?

ፈረስ መጋለብ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሽምጥ ግልቢያው ነው፣ ነገሩን የሚያውቁት ግን ፈረሰኛን የሚለኩት ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። ፈረሱ በእርምጃ እየሄደ ሳይንቀጠቀጥና ሳይጎተት ከቆመ፣ ከዞረ፣ ወደ ጎን ከተራመደ ላዩ ላይ ያለው ሰው ስራውን ያውቃል ማለት ነው። መሮጡንማ ፈረሱ ራሱ ይችልበታል። መጋለብና ማሰልጠንም እንደ ሁለት ነገር ይወራል እንጂ አንድ ናቸው፣ ምክንያቱም ኮርቻ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ አወቀም አላወቀም ፈረሱን የሆነ ነገር እያስተማረው ነው።

መጀመሪያ አቀማመጥ ነው። ከጎን ሲታይ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ መስመር፣ ተረከዝ ዝቅ፣ ዓይን ወደፊት። በወሬ ቀላል ነው፣ ሶምሶማ (በእርምጃና በሽምጥ መሃል ያለው ሩጫ) ሲጀመር ግን ሁሉም ይፈርሳል። ለዛ ነው ጥሩ አስተማሪዎች ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዘው ክብ እያዞሩ ጀማሪውን ያለ ዛብና ያለ እርካብ የሚያስቀምጡት፤ ቪየና ያለው፣ በነጫጭ የሊፒዛነር ፈረሶቹ የሚታወቀው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤትም አዲስ ሰልጣኞቹን የሚጀምራቸው በዚሁ መንገድ ነው። ባላንስ የሌለው ሰው የሚንጠለጠለው በዛብ ነዋ፣ የዛቡ ሌላ ጫፍ ደግሞ ፈረሱ አፍ ውስጥ ያለ ብረት ነው።

ሶምሶማ ሁለት ምት አለው፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ እግር አንድ ላይ ያርፋሉ፣ ከዛ ተቃራኒዎቹ። ጋላቢው በክብ ሲዞር የፈረሱ የውጪው የፊት ትከሻ ወደፊት ሲሄድ ከኮርቻው ብድግ፣ ሲመለስ ቁጭ ማለት ነው፣ አቅጣጫ ሲቀየር ደግሞ አንድ ምት ጨምሮ ቁጭ ብሎ ከዛ መነሳት፣ በቃ።

ትልቁ ነገር ግን መልቀቅ ነው። ፈረስ የሚማረው ፕሬሸሩ (ጫናው) ሲመጣ ሳይሆን ሲቆም ነው። ጋላቢው ባቱን ጎኑ ላይ ጫን ያደርጋል፣ ፈረሱ አንድ እርምጃ ሲጀምር ያኔውኑ ባቱን ያላላል፣ ፈረሱም "አሃ፣ ይሄን ሳደርግ ይተወኛል" ብሎ ይይዘዋል። ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ሌላ ነገር ነው የተማረው። ሄዶም መጎሰሙ ካልቆመ ደግሞ ለምን ይሰማል? ብዙ ጊዜ "ደንዛዛ" የሚባለው ፈረስ እኮ እንዲህ የተሰራ ነው፣ ቆዳውማ ዝንብ ስታርፍበት እንኳን የሚንቀጠቀጥ ነው። በተቃራኒው ፈረሱ ጭንቅላቱን ሲወረውር ጋላቢው ደንግጦ ዛቡን ካላላለት ጭንቅላት መወርወር ጥሩ ስራ መሆኑን ነግሮታል።

ፈረስ ሰውን ምን ያህል እንደሚያነብ ከ"ክሌቨር ሃንስ" በላይ የሚያሳይ የለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሂሳብ ይሰራል የተባለ ፈረስ ነበር፣ መልሱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ተመራማሪ ሲያጣራው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1907 ሲወጣ፣ ፈረሱ የሚያየው የጠያቂውን ሰውነት ሆኖ ተገኘ፤ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰውየው ሳያውቀው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ፈረሱም ያቆማል። ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። እኔ እንደሚመስለኝ ሂሳብ ከመቻል ይሄኛው ይበልጣል፣ ለጋላቢ ደግሞ መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ትንፋሹን የያዘና ጉልበቱን ያጣበቀ ሰው ፈረሱን "አደጋ አለ" እያለው ነው።

ወጣት ፈረስ ሲሰለጥን ስራው የሚጀምረው ከመሬት ነው፣ በገመድ መመራት፣ መቆም፣ ወደኋላ መሄድ፣ ሰኮና ማንሳት፣ ግላስና ኮርቻ መልመድ። ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያያል፣ ቀጥታ ከኋላውና ከአፍንጫው ፊት ካለው ትንሽ ቦታ በስተቀር፣ ስለዚህ የሚቀረበው በትከሻ በኩል ነው። አዲስ ነገር ሲያስፈራው አስጠግቶ ማስገደድ ሳይሆን ሲረጋጋ ወዲያው ነገሩን ማራቅ ይሻላል፣ ያው መልቀቅ ነው። አንድ የሚረሳ ነገር፦ በግራ የለመደው በቀኝ ሲመጣ አዲስ ሊሆንበት ይችላል፣ ስለዚህ ሁሉም በሁለቱም ጎን ይደገማል። የጀርባ አጥንቱ እድገት ደግሞ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው የሚጠናቀቀው፣ በሁለት ዓመቱ ከባድ ስራ የሚያሸክሙት ሰዎች የሚቸኩሉበት ምክንያት አይገባኝም።

ዝላይ ላይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ድሮ ፈረሰኞች መሰናክል ሲዘሉ ወደኋላ ተንጋለው ዛቡን ይጎትቱ ነበር። ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌደሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) እርካቡን አሳጥሮ፣ ወደፊት አዘንብሎ፣ እጁን የፈረሱን አፍ እንዲከተል አደረገ፣ ፈረሱም አንገቱን ዘርግቶ መዝለል ቻለ። ዛሬ በውድድር የሚታየው አዘላለል መሰረቱ የሱ ነው።

ፈረስ በድንገት እምቢ ማለት ከጀመረ አለንጋ ከማንሳት በፊት የሚያመው ነገር አለ ወይ ማለት ይቀድማል፣ ጥርስ፣ ሰኮና፣ ጀርባ፣ ኮርቻ። የጋላቢው ክብደት ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ኮርቻውን ለማየት ደግሞ ከደህና ስራ በኋላ አውርዶ ላቡን ማየት ጥሩ ነው፦ ጀርባው በሙሉ ረጥቦ አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ከሆነ እዛጋ ኮርቻው እየተጫነው ሊሆን ይችላል፣ በእጅ ጫን ሲሉት ከሸሸ ኮርቻው ሳይስተካከል አይጫንም።