የፕሮግራም በጀት ምንድን ነው? ከመከላከያ ወጪ አንጻር

ጅማ ውስጥ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቃታል። የነዳጅ በጀት አልቆ መኪናው ግቢ ቆሟል፤ የጽሕፈት መሣሪያው ግን ስለተረፈ፣ ሰኔ 30 ሳይደርስ ከሂርማታ ሱቆች ወረቀትና ቶነር በካርቶን ይጫናል። የበጀት ዝውውር ቢጠየቅም ደብዳቤው ፊርማ ሲዞር ዓመቱ ይዘጋል። ገንዘብን በዕቃ ዓይነት መመደብ ማለት ይህ ነው። የፕሮግራም በጀት በአንጻሩ ‹‹ምን ሥራ ለመሥራት?›› ብሎ ይጀምርና ደመወዙንም ነዳጁንም ግንባታውንም በዚያ ሥራ ሥር ያሰፍራል። የፌዴራል በጀታችንም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ መልክ ይዘጋጃል።

ሐሳቡ ስም ያወጣው ግን በአሜሪካ መከላከያ ነው። እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ምድር ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉና አየር ኃይሉ በጀታቸውን ለየብቻ ያቅዱ ነበር። ምድር ጦሩ ወታደሮቹን በአውሮፕላን ሩቅ ግንባር ለማድረስ ያቅዳል። አውሮፕላኑን የሚገዛው ግን አየር ኃይሉ ነው፤ የእሱ ልብ ደግሞ ያለው ቦምብ ጣዩ ላይ ነው። ማጓጓዣው ከተረፈ ገንዘብ የሚታይ ጉዳይ ሆነ። ማንም አልሰነፈም፣ ደንብም አልተጣሰም፤ የጠፋው የወታደሩን ቁጥርና የአውሮፕላኑን መቀመጫ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰነድ ነው። የበጀት ሰንጠረዥ ያላስቀመጠውን ጥያቄ ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ አያነሳውም።

በዚያው ዓመት ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ማክናማራና የፋይናንስ ኃላፊያቸው፣ ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ሂች፣ ሰንጠረዡን ቀየሩት። የአየርና የባሕር ማጓጓዣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆነ። የባሕር ኃይሉ ፖላሪስ የኑክሌር ሚሳኤል ከአየር ኃይሉ ሚኒትማን የኑክሌር ሚሳኤል ጋር አንድ ርዕስ ሥር ገብቶ ይነጻጸር ጀመር።

ያለ ጣጣ ግን አልሆነም። ማነጻጸሪያውን የያዘው ሚኒስትሩ ስለሆነ ሥልጣኑም ወደ እሱ ሄደ፤ ጄኔራሎቹ ‹‹ጦር ሜዳ ያልዋሉ ሲቪሎች በሒሳብ ያዙን›› ብለው አጉረመረሙ። እኔ በከፊል እውነት አላቸው እላለሁ፦ የወታደር ሞራል በዶላር አይለካም። ኮንግረሱ ደግሞ ገንዘቡን ዛሬም በአሮጌው ክፍፍል ነው የሚያጸድቀው። የሥራ ማስኬጃና የጥገና ገንዘብ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት፣ የመርከብ ግንባታ ለአምስት ዓመት ይፈቀዳል። ከአንዱ የተረፈውን ለሌላው ማዋል ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

አሁን የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። ዛሬ የሚታቀድ ወጪ ሥራ ላይ እስኪውል ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ድሮን ግን በወራት ይለዋወጣል። ኮንግረሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. አሠራሩ በሌላ እንዲተካ ሐሳብ ያቀረበው አንዱ ምክንያት ይኸው መዘግየት ነው።