ቀበቶ ወይስ ክፍያ፦ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ቁማር

የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ የወር ደሞዝ የለውም። የሚከፈለው በግጥሚያ ነው፣ ትልቅ ስም ካለው ደግሞ በዓመት ቢበዛ ሁለቴ ሦስቴ ነው ሪንግ የሚወጣው፣ አንዲት መጥፎ ቡጢ የሚቀጥለውን ክፍያ ከነወረፋው ይዛበት ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሲመጣለት አሁን ልውሰድ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ቁማር ነው፣ ይሄ ጽሁፍም ስለሱ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ገንዘቡ በአሜሪካ ዶላር ነው።

አሰራሩ

ቀበቶ የሚሰጡ አራት ዋና ድርጅቶች አሉ፦ ደብሊውቢኤ፣ ደብሊውቢሲ፣ አይቢኤፍ እና ደብሊውቢኦ። እያንዳንዱ በየጊዜው ለሻምፒዮኑ የግዴታ ተጋጣሚ ይመድብለታል። ሁለቱ ወገኖች በክፍያ ካልተስማሙ ጨረታ ይወጣል፣ ፕሮሞተሮች (ግጥሚያ አዘጋጆች) በታሸገ ፖስታ ዋጋ ያስገባሉ፣ ከፍ ያለ ያስገባው ግጥሚያውን ይወስዳል፣ ገንዘቡም በመቶኛ ይከፈላል። ሻምፒዮኑ "የለም፣ እኔ ከሌላ ሰው ጋር የተሻለ አገኛለሁ" ካለ ወይ ቀበቶውን ይነጠቃል ወይ ደግሞ ለተመደበበት ሰው ጠቀም ያለ ገንዘብ ሰጥቶ ወረፋህን ልቀቅልኝ ይለዋል። በዛ ላይ የሪማች አንቀጽ አለ፣ ተሸናፊው እንደገና የመጋጠም መብት የሚያገኝበት፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚችው አንቀጽ ነው። ጋዜጣ ላይ 10 ሚሊዮን ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ኪስ ሲገባ 10 ሚሊዮን አይደለም፣ ማኔጀሩ እስከ ሲሶ ሊቆርጥ ይችላል፣ አሰልጣኙ በልማድ 10 ከመቶ ይወስዳል፣ የተረፈውን ግብር ሰብሳቢው ይጠብቀዋል።

የድሮዎቹ

ቶሚ በርንስ በ1908 ሲድኒ ላይ ከጃክ ጆንሰን ጋር ሪንግ የወጣው 30,000 ዶላር ስለተቆረጠለት ነው፣ ጆንሰን 5,000 ብቻ አገኘ፣ ግን ቀበቶውን ይዞ ሄደ። በ1923 ደግሞ ሼልቢ የምትባል የሞንታና ትንሽ ከተማ የጃክ ዴምፕሲንና የቶም ጊቦንስን ግጥሚያ ለማዘጋጀት ተነሳች፣ የዴምፕሲ ማኔጀር ጃክ ከርንስ 300,000 ዶላር በሦስት ክፍያ ጠየቀ፣ ከተማዋ ሁለቱን እንደምንም ከፍላ ሦስተኛው ላይ ወገቧ ተቆረጠ። ዴምፕሲ በነጥብ አሸነፈ፣ የአካባቢው ባንኮች ተዘጉ፣ 15 ዙር ሙሉ ቆሞ የተደባደበው ጊቦንስ ከግጥሚያው ይሄ ነው የሚባል ገንዘብ አላገኘም።

ከዚህ ዘመን በብልጠት አንደኛ የምለው ግን የጂም ብራዶክ ውል ነው። ብራዶክ በ1937 ከማክስ ሽሜሊንግ ጋር ሊጋጠም ተፈራርሞ ነበር፣ ማኔጀሩ ጆ ጉልድ ግን ከጆ ሉዊስ ጋር ቢጋጠም የበለጠ ገንዘብ እንዳለ አይቶ ዞረ። መሸነፋቸው አይቀርም ብሎ አስልቶ መሰለኝ፣ ከመደበኛው ክፍያ ሌላ ፕሮሞተሩ ማይክ ጄኮብስ ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ግጥሚያዎች ከሚያገኘው ትርፍ ላይ ለ10 ዓመት 10 ከመቶ አስፈረመ። ሽሜሊንግ በቀጠሮው ቀን ኒውዮርክ ሄዶ ሚዛን ላይ ወጣ፣ ተመዘነ፣ ተጋጣሚ የለም። ብራዶክ በዚያው ወር ቺካጎ ላይ በ8ኛው ዙር በሉዊስ ተዘረረ። ሉዊስ ራሱ በ1942 የሁለት ግጥሚያ ክፍያውን ለባህር ኃይልና ለጦር ሠራዊቱ መረዳጃ ለግሶ ሲያበቃ ከጦርነቱ በኋላ በግብር ዕዳ ተይዞ ወደ ሪንግ ለመመለስ ተገደደ፣ በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ ከሪንጉ ውጪ በገመዶቹ መሀል አሽቀንጥሮ ጣለው።

የአሊ ዘመን

ይሄኛው በየቦታው ስለተጻፈ አላረዝመውም። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ሙሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ተቆረጠላቸው፣ በወቅቱ ያልተሰማ ገንዘብ ነበር። ሊዮን ስፒንክስ በ1978 በስምንተኛ የፕሮፌሽናል ግጥሚያው አሊን አሸነፈና ደብሊውቢሲ ከኬን ኖርተን ጋር ተጋጠም ሲለው ገንዘቡ ያለው ከአሊ ሪማች ላይ ነው ብሎ እምቢ አለ፣ በዚህም የደብሊውቢሲን ቀበቶ ወዲያው ተነጠቀ፣ የቀረውን በመስከረም አሊ ወሰደበት። ኩባዊው ቴኦፊሎ ስቲቨንሰን ደግሞ ከአሊ ጋር እንዲጋጠም የቀረበለትን የሚሊዮን ዶላር ጥያቄ ሳይቀበል በሦስት ኦሎምፒኮች ወርቅ ወስዶ አገሩ ቀረ። ቢጋጠሙ ማን ያሸንፍ ነበር የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፣ ለኔ በሦስት ዙር፣ እንደ ኦሎምፒኩ፣ ስቲቨንሰን፣ በ15 ዙር፣ እንደ ፕሮፌሽናሉ፣ አሊ ነው።

ከ1987 እስከ 2002

ትልቁ ጨዋታ እዚህ ነው ያለው። ማይክል ስፒንክስ፣ የሊዮን ወንድም፣ የአይቢኤፍ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ቀበቶዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ለማምጣት ተዘጋጅቶ በነበረው ውድድር ውስጥ ነበረ። ፕሮሞተሩ በች ልዊስ አውጥቶ በ1987 ከጌሪ ኩኒ ጋር አጋጠመው፣ ክፍያው ስለሚበልጥ። አይቢኤፍ ቀበቶውን ነጠቀው፣ ብዙ ሰው አበደ አለው። ስፒንክስ ግን ኩኒን በ5ኛው ዙር ጨረሰ፣ ያለቀበቶም ቢሆን ሪንግ ላይ ያልተሸነፈ ሻምፒዮን ሆኖ ስለቀረ በሰኔ 1988 ማይክ ታይሰን ፊት ሲቆም 13.5 ሚሊዮን አገኘ። ግጥሚያው 91 ሴኮንድ ነው የቆየው። ስፒንክስ ከዚያ በኋላ ጓንቱን ሰቀለ፣ በኔ እምነት ከዚህ ዘመን ሒሳቡን በትክክል የሠራው እሱ ነው።

በስተር ዳግላስ በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን በዝረራ ሲያሸንፍ ክብደቱ 231 ፓውንድ ነበር። በጥቅምት ወር ለ24 ሚሊዮን አካባቢ ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር ላስ ቬጋስ ሲመዘን 246። ሚዛኑን ያየ ሰው ግጥሚያውን ማየት አላስፈለገውም፣ በ3ኛው ዙር ወደቀና አልተነሳም። ሰነፍ ነበር የሚሉት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ከቶኪዮው ግጥሚያ ጥቂት ሳምንታት በፊት እናቱን ቀብሮ፣ ካሸነፈ በኋላ ደግሞ ከዶን ኪንግ ጋር ፍርድ ቤት ሲመላለስ የከረመ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

ከዛ ሪዲክ ቦዊ። ቦዊ በኅዳር 1992 ሆሊፊልድን አሸንፎ ሲነግሥ ደብሊውቢሲ የሚቀጥለው ተጋጣሚህ ሌኖክስ ልዊስ ነው አለው። ልዊስ በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ ቦዊን በ2ኛው ዙር ያስቆመው ሰው ነው። የቦዊ ማኔጀር ሮክ ኒውማን ያቀረበውን ድርሻ የልዊስ ሰዎች ስድብ ነው አሉት፣ ኒውማን ደግሞ እነሱ ናቸው የሸሹት ይላል፣ ማን እንደሸሸ ግን ቦዊ ራሱ ታኅሣሥ ላይ ለንደን ውስጥ ጋዜጠኛ ሰብስቦ አረንጓዴውን የደብሊውቢሲ ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጥለው የታየ ይመስለኛል (ሌኖክስን ስለምወደው አይደለም፣ እሺ ትንሽ ነው)። በምትኩ ማይክል ዶክስን በ1ኛው፣ ጄሲ ፈርጉሰንን በ2ኛው ዙር ጨረሰ፣ ቀላል ገንዘብ ነበር፣ በ1993 መጨረሻ ግን ሆሊፊልድ ቀበቶዎቹን መልሶ ወሰደ። ቦዊና ልዊስ በፕሮፌሽናል አንድም ቀን አልተጋጠሙም።

ልዊስ ራሱ ንጹህ አይደለም። በ1996 የታይሰን የግዴታ ተጋጣሚ ሆኖ ሳለ 4 ሚሊዮን ተቀብሎ ወረፋውን ለቀቀ፣ ታይሰን ሄዶ ብሩስ ሴልደንን በ1ኛው ዙር ዘረረ። ልዊስ ግን ትዕግሥቱ ከፈለው፣ በ1997 ባለቤት ያልነበረውን የደብሊውቢሲ ቀበቶ ወሰደ፣ ታይሰንን ደግሞ በ2002 ሜምፊስ ላይ በ8ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው።

በመሀል ሃሲም ራህማን አለ። በሚያዝያ 2001 ደቡብ አፍሪካ ብራክፓን ላይ፣ ልዊስ ፊልም ሲቀረጽ ቆይቶ ከፍታውን ሳይለምድ ዘግይቶ በመጣበት ግጥሚያ፣ ራህማን በ5ኛው ዙር በአንዲት ቀኝ ዘረረው። ሁለቱ ትልልቅ የቦክስ ቴሌቪዥኖች ለብዙ ግጥሚያ የሚሊዮኖች ውል ይዘው መጡለት። ዶን ኪንግ ደግሞ ውል ብቻ ይዞ አልመጣም፣ በሻንጣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሆቴሉ ሄደ። ራህማን ለኪንግ ፈረመ። የልዊስ ጠበቆች የሪማች አንቀጿን ይዘው ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ገቡ፣ ዳኛዋ መጀመሪያ ከልዊስ ጋር ተጋጠም አለችው፣ በኅዳር ላስ ቬጋስ ላይ በ4ኛው ዙር ተኛ። ቀበቶዎቹ እጁ ላይ የቆዩት ሰባት ወር እንኳን አይሞላም።

የአሁኖቹ

በ2018 የዲዮንቴ ዋይልደር ሰዎች ለአንቶኒ ጆሹዋ 50 ሚሊዮን ዶላር እንሰጣለን ብለው በኢሜይል ላኩ፣ የጆሹዋ ወገን ገንዘቡ የታለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው ብሎ አጣጣለው። በማግስቱ ዓመት ዋይልደር ራሱ ከአንድ የስትሪሚንግ ድርጅት 100 ሚሊዮን ያህል ቀርቦለት እንዳልተቀበለ ተዘገበ። አንዳንዱ ጅል ነው አለው፣ ሌላው ደግሞ በኋላ ከታይሰን ፊውሪ ጋር ባደረጋቸው ግጥሚያዎች ብዙውን መልሶታል ይላል። የማይካደው፣ ጆሹዋ በሰኔ 2019 በመጨረሻ ሰዓት ተተክቶ በመጣው አንዲ ሩዊዝ ሲሸነፍ የዚያ ሁሉ ድርድር ዋጋ በአንድ ምሽት ወረደ። ሩዊዝ በበኩሉ ለሪማቹ ሳውዲ ሲሄድ 15 ፓውንድ ያህል ጨምሮ ነው የሄደው፣ ቀበቶዎቹን አስረክቦ ተመለሰ።

የካሜሩኑ ፍራንሲስ ንጋኑ በጥር 2023 የዩኤፍሲን (የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት) ሻምፒዮንነት ጥሎ ሲወጣ ስንት ሰው ነበር የሳቀበት። ልጅ ሆኖ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ ሰው ነው፣ በጥቅምት ሪያድ ላይ በመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያው ፊውሪን በ3ኛው ዙር መሬት ላይ አስቀመጠው፣ በተከፋፈለ የዳኞች ነጥብ ተሸነፈ እንጂ። በመጋቢት 2024 ጆሹዋ በ2ኛው ዙር ዘረረው፣ እሱም በጥሩ ክፍያ።

ኦሌክሳንደር ኡሲክ በ2023 ፊውሪ 70 ለ30 ካልሆነ ሲለው፣ ለዩክሬን 1 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ ለግስ ብሎ 30ዋን ተቀበለ፣ ድርድሩ በሪማች አንቀጽ ምክንያት ፈረሰ። ግንቦት 2024 ሲጋጠሙ ኡሲክ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶ ያዘ፣ በወሩ ደግሞ የፊውሪን ሪማች መርጦ የአይቢኤፍን ለቀቀ። ቀበቶዋ ለዳንኤል ዱቦይስ ተሰጠች፣ ዱቦይስ በመስከረም ጆሹዋን ዌምብሌይ ላይ ዘረረባት፣ በሐምሌ 2025 ኡሲክ እዛው ስታዲየም ሄዶ ዱቦይስን በ5ኛው ዙር ዘርሮ ወሰዳት።